ጠመኔ ያልነካው በር

ወንድ ልጅ ከወገቡ በታች ሲታመም ታማሚው ሁልጊዜ «አንድ ጓደኛዬ» ነው። ይኸው በነርስነት ስንት ዓመት ስሠራ፣ ሽንት ያስቸገረው ወንድ በዓይኔ አላየሁም፤ የሚመጡት ጓደኞቹ ናቸው። ይህ ጓደኛ የሚሉት ምስኪን ስንቱን በሽታ ተሸክሞ ይዞራል መሰላችሁ!

ሐጂ ከማልም ጓደኛ አላቸው። ጋምቤላ መሃል ከተማ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከሰፈሬ ከኒውላንድ በባጃጅ ስመጣ ሱቃቸው ደጃፍ አረፍ ሳልል አላልፍም። ዓመት ሙሉ ጨርቅ እየለኩ ደንበኛቸውን ጥለው ወደ ጓሮ ይሮጣሉ። ሲመለሱ «ያ ጓደኛዬ እኮ አልተሻለውም» ይሉኛል። በቅርቡ ደግሞ ጓደኛቸው ደም አየ። «ነገ ዛሬ ሳይሉ ያምጡትና ይመርመር» ብል፣ ብለምን፣ ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን ስልካቸውን እያወዛወዙ ጠሩኝ።

«ዶክተር!» (ነርስ ነኝ ማለት ደክሞኛል።) «ለፕሮስቴት ካንሰር ክትባት ሊመጣ ነው አሉ። ጓደኛዬ እሱን ይጠብቃል።»

የኔ ጥፋት ማስረዳት መውደዴ ነው። «ገና እየተመራመሩበት ነው» አልኳቸው። «በክትባት ዘመቻ ጊዜ በር ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ የለ? ካንሰሩም የራሱ ምልክት አለው። የሰውነታችን ወታደሮች ያንን ለይተው፣ ጎረቤት ሳይነኩ እሱን ብቻ እንዲመቱ ነው የሚደከመው።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «በሩን ወታደሮቹ ራሳቸው ካወቁት፣ ጓደኛዬ ለምን ይመረመራል?»

ጨጓራዬ ተላጠ! ሊቃውንቱ አንዷን ሕዋስ ከሌላዋ ለመለየት ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ፤ እኛ በሽተኛውን ከጓደኛው መለየት አቅቶናል።

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ! መድኃኒቱ እስኪመጣ እርስዎ ሊያልቁ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እርስዎ» ማለቴ የታወቀኝ ካመለጠኝ በኋላ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ሐጂ ጨርቁን ቀስ ብለው አጠፉና «ፈርቼ ነው» አሉ። «አብረኸኝ ከሄድክ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ካርድ የምታወጣው ልጅ ያ ሁሉ ሰው በተሰለፈበት «ምንዎን ነው የታመሙት?» ስትላቸው እኔ ተሸማቀቅሁ። እሳቸው ግን ለገበያ እንደሚጣሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ፕሮስቴት ልመረመር ነው!» አሉ። ኮራሁባቸው።

ልጅቷ ቀና ብላ ሽበቴን አየችው። «እርስዎስ አባባ?»

እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ለአራተኛ ጊዜ ሽንት ቤት ደርሼ መመለሴ ነበር።

«እኔ እንኳ» አልኳት፣ «ጓደኛዬን ላደርስ ነው።»