ፍርስራሽ አይባልም!

[ጣራውን ንፋስ፣ በሩን ጎረቤት የወሰደው የድሮ ግንብ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን በሦስት እግሩ ተክሎ፣ አፉንም በዚያው ልክ ከፍቷል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ የዛሬው ሹፌር፣ ከኋላው ቆሞ እያዛጋ ያዳምጣል። ማዳመጥ ይወዳል፤ መረዳት ነው ቀስ የሚልበት።]

ፎቶ አንሺ፦ ፍርስራሽ አይባልም አልኩህ!

ሹፌር፦ ታዲያ ምን ልበለው ጋሼ? ጣራ የለው፣ በር የለው፣ ግማሽ ጎኑ ተኝቷል።

ፎቶ አንሺ፦ ቅርስ ይባላል። ቅርስ!

ሹፌር፦ ዶሮ ቤታችንን ያፈረስኩ ዕለት ይሄን ስም ባውቀው ኖሮ አባባ ያን ሁሉ አይገርፉኝም ነበር።

ፎቶ አንሺ፦ ዶሮ ቤትና ይሄ አንድ ነው?

ሹፌር፦ ኧረ አይደለም። የእኛ በር ነበረው።

ፎቶ አንሺ፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ስማኝ። ኤግዚቢሽኔ ደርሷል። አባትህ ደግሞ በሰርጌ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?

ሹፌር፦ «ካሜራ አንግቶ መዞር ሥራ ከሆነ ፍየሌም ሥራ አላት፤ ደወል አንግታ ትዞራለች።»

ፎቶ አንሺ፦ ድገመው አላልኩህም! ከዚህ አንድ ፎቶ ይዤ እገባለሁ። በትልቁ አሳትሜ እሳቸው ሳሎን፣ ከወንበራቸው ፊት ለፊት እሰቅለዋለሁ። በየቀኑ እያዩ ይቃጠሉ።

ሹፌር፦ ጠዋት የመኪናቸውን ቁልፍ ሲሰጡን ያሉትንስ?

ፎቶ አንሺ፦ ምን አሉ?

ሹፌር፦ «አንዲት ጭረት ካየሁባት ልጄን መልሼ እወስዳለሁ።»

ፎቶ አንሺ፦ ቀልዳቸውን ነው።

ሹፌር፦ አባባ? አባባ ቀልደው የሚያውቁት አንድ ቀን ነው፤ እኔ ተወለድኩ።

ፎቶ አንሺ፦ መኪናዋ እንደሆነች ከግንቡ ኋላ አርፋ ቆማለች። ና ይልቅ ጥበብ ተመልከት። [የካሜራውን ስክሪን ያሳየዋል] ከፊት ለፊት ምን ይታይሃል?

ሹፌር፦ ድንጋይ።

ፎቶ አንሺ፦ ድንጋይ ብቻ? ይቺን ዕንቁ ወዲያ ወረድ ብዬ ነው ያገኘኋት። ታፍና፣ ተጨፍልቃ! ተሸክሜ አምጥቼ እዚህ መስኮቱ ስር አስቀመጥኳት። ጎኗ እንዴት እንደተጠረበ አየህ? የጥንት ሰው እጅ ነው። ይሄ ጥቁሩ ደግሞ ጥላሸት ነው፤ እሳት ያነድዱባት ነበር።

ሹፌር፦ [አንገቱን ዘንበል አድርጎ] የሆነ ቦታ የማውቃት መሰለኝ።

ፎቶ አንሺ፦ ድንጋይ ደግሞ ከየት ታውቃለህ? ዘመድህ ናት?

ሹፌር፦ እንጃ፤ ፊቷ አዲስ አልሆነብኝም።

ፎቶ አንሺ፦ ተወው። በመስኮቱ አሻግረህ ሸለቆውን እይ። የመጀመሪያው ይሄ ነው።

ሹፌር፦ ይቺ ነጭ ነጥብ መኪናችን ናት?

ፎቶ አንሺ፦ እሷ ናት ያበላሸችብኝ። በኋላ ቆርጬ አወጣታለሁ። ሁለተኛው ይኸው።

ሹፌር፦ ቅድም ከዛፉ አጠገብ ነበረች። እዚህ ላይ ዛፉን አልፋዋለች።

ፎቶ አንሺ፦ የሌንስ ነገር ነው። ሌንስ ያቀርባል፣ ያርቃል። አንተ የት ታውቀዋለህ!

ሹፌር፦ ዛፉን ግን አላራቀውም።

ፎቶ አንሺ፦ ዛፍ ሥር አለው!

ሹፌር፦ [ራሱን እየነቀነቀ] እውነትዎን ነው።

ፎቶ አንሺ፦ ሦስተኛው። ይሄን ብርሃን ተመልከት!

ሹፌር፦ አጥሩ ጋ ደርሳለች እኮ ጋሼ። አፍንጫዋንም ወደ ታች ደፍታለች።

ፎቶ አንሺ፦ ጥላ ሲረዝም ነገር ሁሉ የሚወርድ ይመስላል።

ሹፌር፦ አጥሩስ ለምን ተኛ?

ፎቶ አንሺ፦ አጥሩም ቅርስ ነው!

ሹፌር፦ ቅድም ቆሞ ነበር።

ፎቶ አንሺ፦ አቦ አትነዝንዘኝ! ይኸውልህ የመጨረሻው። እየው! ንጹህ! ነጭ ነጥብ የሚባል የለበትም። እግዜር ሲረዳ እንዲህ ነው፤ መቁረጥ እንኳ አላስፈለገኝም።

ሹፌር፦ ጋሼ… መኪናችን የለችም።

ፎቶ አንሺ፦ የለችማ! ድንቅ አይደለም?

[ከሸለቆው ግርጌ ክላክስ ይሰማል፤ አንዴ ጀምሮ አልቆም ያለ ክላክስ። ሁለቱ ተጋፍተው አንገታቸውን በመስኮቱ ያወጣሉ።]

ሹፌር፦ ወይኔ አባባ!

ፎቶ አንሺ፦ ወይኔ ትዳሬ! አንተ ደንቆሮ! ቁልቁለት ላይ ሲቆም የእጅ ፍሬን ይያዛል! ምን ዓይነት ሹፌር ነህ?

ሹፌር፦ የእጅ ፍሬኗማ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ታኮ አድርጌባት ነበር!

ፎቶ አንሺ፦ የምን ታኮ?

ሹፌር፦ ጎማ ስር የሚወተፍ ድንጋይ ነዋ! አባባ ራሳቸው ከፈረሰው ዶሮ ቤታችን መርጠው ያወጧት። ለጎማው እንዲመች ብለው ጎኗን በመዶሻ የጠረቧት። ከመኪናዋ ተለይታ አታውቅም! ጎማው ሲፋተግባት እንኳ ጠቁራ…

[ያቋርጣል። ዞሮ መስኮቱ ስር ያለችውን ድንጋይ ያያታል። ፎቶ አንሺውም ያያታል። ድንጋይቱ ብቻ ማንንም አታይም።]

ሹፌር፦ ጋሼ። ከምን ስር ነው ያነሷት?

ፎቶ አንሺ፦ [ድምፁ ወርዶ] መኪናው ቅርስ ላይ ወጥቶ የቆመ መስሎኝ… እኔ እኮ ያዳንኳት መስሎኝ ነው!

ሹፌር፦ ሲያነሷት መኪናዋ ምንም አላለችም?

ፎቶ አንሺ፦ ትንሽ… ተንፈስ አለች።

ሹፌር፦ ተንፈስ አለች!

ፎቶ አንሺ፦ የምስጋና መስሎኝ!

[የሹፌሩ ስልክ ይጮኻል። አውጥቶ ስሙን ያያል።]

ሹፌር፦ አባባ ናቸው።

ፎቶ አንሺ፦ አታንሳ!

ሹፌር፦ ካላነሳሁ ይመጣሉ።

ፎቶ አንሺ፦ በምን ይመጣሉ? መኪናቸው እኛ ጋ ናት።

ሹፌር፦ [ወደ ሸለቆው በአገጩ እያሳየ] እኛ ጋ?

ፎቶ አንሺ፦ እሺ አንሳው፤ ግን በእናትህ ለዘብ አድርገህ ንገራቸው። ክፉ ቃል እንዳይወጣህ። ሚስቴን እወዳታለሁ!

ሹፌር፦ [ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ] አቤት አባባ… እኛማ ደህና ነን። መኪናዋ? መኪናዋ… ጣራዋ ትንሽ… በሯም ወዲያ… ግማሽ ጎኗ ተኝቷል። … ኧረ አባባ፣ ፍርስራሽ አይባልም! ቅርስ ይባላል። ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ። … ድንጋይቱ? እሷ ደህና ናት፤ ከመኪናዋ ስር አንስተው ፎቶ እያነሷት ነበር። … እሺ። … እሺ አባባ። እነግራቸዋለሁ።

[ይዘጋዋል።]

ፎቶ አንሺ፦ ተቆጡ?

ሹፌር፦ ኧረ ጭራሽ! ረጋ ብለው ነው የተናገሩት። «ቅርስ ከሆነች ጠባቂ ያስፈልጋታል» አሉ።

ፎቶ አንሺ፦ [ፊቱ እየበራ] አየህ? ሰው ሲማር እንዲህ ነው! እውነታቸውን ነው፣ ያስፈልጋታል። እና ማንን ሊልኩ ነው?

ሹፌር፦ የሚልኩት የለም። ጠባቂው እርስዎ ነዎት። እኔ በእግሬ ወደ ከተማ ሄጄ እህቴን ከነሻንጣዋ አባባ ጋ እንዳደርሳት ታዝዣለሁ።

ፎቶ አንሺ፦ ቆይ! ቆይ እንጂ! አብሬህ ልሂድ፣ እግራቸው ላይ ልውደቅ…

[ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ድንጋይቱን ያነሳል። አቧራዋን በእጅጌው ይጠርግላታል። ከዚያ ከፎቶ አንሺው ጫማ ስር ጥብቅ አድርጎ ይወትፋታል።]

ሹፌር፦ አባባ ያሉት ነው፤ «እንዳይንቀሳቀስ ታኮ አድርግበት» ብለዋል። አሁንስ አደራ ጋሼ፣ እንዳያነሷት።