የገጽ ሰማንያ ሰባት የድንበር ውዝግብ

ቀን፦ ኅዳር 12፣ ቅዳሜ (የሕገ መንግሥትና የፌዴራል ሥርዓት ፈተና ነገ ጠዋት ነው)
ቦታ፦ የልብስ ሰፊው ሱቅ፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ዙሪያ
የተገኙ፦ ልብስ ሰፊው (ሱቁ የሱ ስለሆነ ሰብሳቢ)፣ ሲስተር (ነርስ፣ አባል)፣ ሾፌሩ (አባል)፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ (ጸሐፊ፣ ማለትም እኔ)
ያለድምፅ የተገኙ፦ የሰብሳቢው ባለቤት፣ ቁልፍ እየተከለች

ምልዓተ ጉባኤ፦ በጥናት ቡድኑ ደንብ አራቱም ካልተገኙ ስብሰባ የለም። ሲስተር በመዘግየቷ ሾፌሩ ሙሉ ልብስ የለበሰው የማሳያ አሻንጉሊት እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረበ። «ከኛ ሁሉ ጨዋው እሱ ነው» ብሏል። ጸሐፊው ተቃወመ። ሲስተር 8፡50 ላይ ደርሳ ስብሰባው ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የመጽሐፉ ክፍፍል

ለአራት ሰው ያለን አንድ መጽሐፍ በመሆኑ፣ ባለፈው ቅዳሜ «የምንማረውን በተግባር እናውለው» ተብሎ መጽሐፉ በሰብሳቢው መቀስ በአራት ክልል መሸንሸኑ ይታወሳል። ዛሬ እንድንለዋወጥ ነበር። ሲስተር አስምሬ አልጨረስኩም አለች። ሾፌሩ በክልሌ የውስጥ ጉዳይ ማንም ጣልቃ አይግባ አለ። ሰብሳቢው የሱ ምዕራፍ ላይ ተቀምጦ ስለነበር አስተያየት አልሰጠም።

ለጸሐፊው የደረሰው መቅድሙ፣ ማውጫውና የደራሲው ፎቶግራፍ ነው፤ «ለማንም ያልተሰጠው ሥልጣን ሁሉ ያንተ ነው» ተብሎ። ጸሐፊው ይህን ትምህርት ሁለት ጊዜ መውደቁን፣ ነገ ከደገመው እንደሚባረር፣ የሰው ፎቶ እያየ ያለፈ ተማሪም እንደማያውቅ አሳሰበ። ጉባኤው ማሳሰቢያውን በአድናቆት ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ።

አጀንዳ 2፦ ገጽ 87

ይህ ቅጠል ፊቱ የሲስተር ምዕራፍ ማለቂያ፣ ጀርባው የሾፌሩ ምዕራፍ መጀመሪያ ሆኖ ተገኘ። ሲስተር ሰውም ቢሆን የሚታወቀው በፊቱ ነው ስትል ተከራከረች። ሾፌሩ «ሲስተር፣ እኔ ሕዝቤን ምን ልበለው?» አለ። ሕዝቡ እነማን እንደሆኑ ተጠይቆ አንቀጾቹን ቆጠረ።

ሰብሳቢው ሃያ ዓመት ገበር ከጨርቅ ሲለይ መኖሩን ጠቅሶ፣ ቅጠሉ በውፍረቱ በምላጭ ለሁለት እንዲሰነጠቅ ሐሳብ አቀረበ። ተሞከረ። ጥጉ ተቀደደ። ሲስተር «ጉድ ሠራችሁኝ!» ብላ ምዕራፏን አቅፋ ልብስ መለኪያው ክፍል ገባች፤ መጋረጃውን ስባም መገንጠሏን አወጀች።

ሾፌሩ መገንጠል እንዲህ በመጋረጃ እንደማይሆን ለማስረዳት ምዕራፉን ጮክ ብሎ አነበበ። ሲስተር ከውስጥ በባሰ ድምፅ የሷን አነበበች። ሰብሳቢው ሁለቱን ዝም ለማሰኘት ስለ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የሚለውን የራሱን ምዕራፍ እየጮኸ አነበበ። በቃለ ጉባኤ «ከረጅም ውይይት በኋላ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ሁለት ሰዓት ፈጅቷል። ጸሐፊው ግዴታው ስለሆነ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ጻፈ። እጁ ዝሏል፣ ደሙም ፈልቷል፤ ይህ እንዲያዝ ራሱ ወስኗል።

የሰብሳቢው ባለቤት በዚህ ጊዜ መርፌዋን አስቀምጣ «በሕግ አምላክ! አንድ መጽሐፍ ማንበብ ያቃተው ሰው አገር ይመሠርታል? ጋሼ ነገ ሊባረሩ ነው፣ አንድ ጥያቄ እንኳ አትጠይቋቸውም?» አለች። ድምፅ እንደሌላት ተነገራት። መቀሱን ከጠረጴዛው አንስታ ኪሷ ከተተችው። ድምፅ ተሰጣት።

አጀንዳ 3፦ ጸሐፊውን መፈተን

ሲስተር መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ስለ ጋራ ሥልጣን ጠየቀች። ጸሐፊው እስከ ንዑስ አንቀጹ መለሰ። ሾፌሩ ክልሎች ግብር ላይ ያላቸውን ሥልጣን ጠየቀ፤ መለሰ። ሰብሳቢው ስለ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሲጠይቅማ ጸሐፊው የሰብሳቢውን የአነባበብ ስህተት ጭምር አረመለት። በአጸፋው ጸሐፊው ሲስተርን ከሾፌሩ ምዕራፍ፣ ሾፌሩን ከሲስተር ምዕራፍ ጠየቀ። አልሰሜን ግባ በለው! አንዳቸውም አልሰሙም።

«ጋሼ፣ መቼ አጠኑት?» አለች ሲስተር።

«ስትጮሁ» ሲል ጸሐፊው መለሰ። እንባ እንባ ብሎታል፤ ይያዝ።

ውሳኔ፦

ሾፌሩ ጊዜ ስለሌለ ይህ ቃለ ጉባኤ ለአራት ተከፍሎ ይጠና ሲል ያቀረበው ሐሳብ በሦስት ድምፅ ጸደቀ። ጸሐፊው ወረቀቱን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ «ምን ሲደረግ!» አለ። የሰብሳቢው ባለቤት ከጸሐፊው ጋር ቆመች። መቀሱ እሷ ዘንድ በመሆኑ ድምፁ እንደገና ተቆጠረ።

በዚህም መሠረት ዛሬም ሆነ ባለፈው ቅዳሜ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ክልሎቹ ፈርሰዋል፤ መጽሐፉ በስፌት መኪና ይሰፋል። እስከዚያው ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ያነባል፣ ሌላው አፉን ይዘጋል።

ስብሰባው 12፡20 ላይ ተበትኗል፤ ከቦታው የተነሳ ሰው ግን የለም።