መርከቧን የተቃወምኳት ዕለት

ሌላው ሰው ሲናደድ ብድግ ይላል። እኔ ተቀምጬ ነው የምናደደው። ትራክ ነጂ ነኛ! ከኒው ጀርሲ አትላንታ አጠገብ ወዳለው ኮንየርስ መጋዘን ጭነት አመጣለሁ። መሪ ይዤ ያልተሳደብኩበት ስቴት የለም።

የልጄ የሶስና ምርቃት ቀን ግን የባሰ መጣ። ቨርጂኒያ ላይ ሁለት ትራኮች ተጋጭተው መንገዱ ተዘጋ። እኔ እዚያ ተገትሬ ልጄ አትላንታ ውስጥ ጋውኗን ለብሳ መድረክ ወጣች። ባለቤቴ ሂሩት በስልክ ልታሳየኝ ሞከረች። ልክ ስሟ ሲጠራ ኔትዎርኩ ጠፋ! ምን ይባላል እንግዲህ?

እንደጦፍኩ ጋሽ በቀለ ዘንድ ሄድኩ። በአሰብ ጊዜ መርከበኛ ነበሩ፤ አሁን እዚሁ አትላንታ ዳር፣ ዶራቪል፣ ጡረታ ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ ዴላዌር ድልድይ ላይ ስደርስ ከሥር መርከብ አያለሁ» አልኳቸው። «አንዷ ብቻ የሁላችንን ጭነት ትችላለች። ለምን ለእሷ አይሰጧትም? ባሕር ላይ ትራፊክ የለ፣ ጎማ አይፈነዳ!»

«የውጭ መርከብ ናታ» አሉኝ። ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ ዕቃ የምታመላልስ መርከብ እዚሁ የተሠራች መሆን አለባት ይላል አሉ ሕጉ። እዚህ መርከብ ማሠራት ደግሞ ሌላ አገር ከማሠራት እጥፍ ድርብ ያስወጣል። «ስለዚህ እሷ ግማሽ ሆዷ ባዶ ሆኖ ታልፍሃለች፤ አንተ ትገተራለህ።»

ደሜ ፈላ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል? ያን ሕግ ስረግመው ሰነበትኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ኩባንያ የጀርሲውን ዕቃ በባሕር እዚሁ ስቴታችን ውስጥ ወዳለው የሳቫና ወደብ ሊያመጣ ነው ተባለ። ነጂዎች ዶራቪል አንድ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ በቀለንም ይዣቸው ሄድኩ። አንዱ ተነሥቶ «እንጀራችንን ሊወስዱብን ነው!» አለ።

ታዲያ ከሁሉ በላይ የጮኸው ማን ይመስላችኋል? እኔ! ጠረጴዛ ደበደብኩ። «ሕግ ሕግ ነው! ሕጉ ይከበር!» አልኩ። የተቃውሞው ወረቀት ሲዞር ቀድሜ ፈረምኩ። ጋሽ በቀለ የጎረሱትን ሳይውጡ አፈጠጡብኝ።

ኩባንያው ፊርማችንን አላየውም። እዚህ የተሠራች መርከብ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣና ሐሳቡን ተወው። እኛ ያሸነፍን መስሎን ተቃቀፍን።

ቤት ገብቼ ለሂሩት ደረቴን ነፍቼ አወራኋት። ከሆስፒታል ፈረቃዋ መመለሷ ነበር፤ ጫማዋን እያወለቀች ሰማችኝ።

«መርከቧ ዕቃውን የት ልታራግፈው ነበር?»

«ሳቫና።»

«ከሳቫና ኮንየርስ ድረስስ በምን ሊመጣ ነበር? በአህያ?»

«በትራክ ነዋ!»

«ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ በሚገባ ትራክ» አለች። «እሱ እንዲቀር ነው የጮህከው?»

ሶስና ከክፍሏ ብቅ አለች። «ዳድ፣ ሲሪየስሊ?» ብላ በሯን ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ሕጉን እንዳልሰድብ፣ ይከበር ያልኩ ራሴ ነኝ። መርከቧን እንዳልሰድብ፣ መች መጣች? ንዴቱስ እንደ ጉድ አለ። የማራግፍበት ወደብ ነው ያጣሁት።