የአሥር ደቂቃ መንገድ

እኛ ሐበሾች ለንደን ገብተንም ሰዓታችንን አላስተካከልንም። ለሰባት ሰዓት ሠርግ ተጠርታችሁ የዋህ ሆናችሁ በሰባት ሰዓት ብትገኙ፣ ወንበር ስትደረድሩ ነው የምትውሉት። አርፍደን ስንገባ ሁላችንም «መንገዱ» እንላለን። መንገዱ ምን አደረገን? ምንም።

እኔ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወጥቼ በቤሩት በኩል ለንደን የደረስኩ ነኝ። አርችዌይ ሰፈር ስኖር ከበላዬ ያለው ፎቅ ላይ ኤልያስ የሚባል ፍልስጤማዊ ነበር፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ የሚሠራ። እናቱን፣ ኡም ኤልያስን፣ ቤተልሔም አጠገብ ካለ መንደር አመጣቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ሰፈራችን ሆስፒታል ቀጠሮ ያዘላቸው፣ ለጠዋት ሦስት ሰዓት። እሱ የሥራ ሽፍት ነበረበትና አደራውን ለእኔ ሰጠ፤ ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ የለመድኳት ዓረብኛ አለችኝ።

ሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ባንኳኳ ኡም ኤልያስ የሉም። ክው አልኩ። እየሮጥኩ ብደርስ ከሆስፒታሉ በር ውጭ፣ ብርዱ ላይ፣ የወረቀት ማኅደር ታቅፈው ቆመዋል። ከቤት የወጡት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ መንገዱን ልጃቸው በዋዜማው አሳይቷቸዋል። ጥበቃው በእጁ ይግቡ ቢላቸውም፣ ወረቀቴን ሳያይማ እንዴት ያስገባኛል ብለው አልገቡም። ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ምነው እንዲህ ማልደው ወጡ፣ እማማ?»

ነገሩኝ። ባላቸው ኢየሩሳሌም ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው፤ መንገዱ ቢለቀቅ ከመንደራቸው ግማሽ ሰዓት ነው። የመግቢያ ፈቃዱን ከእስራኤሎች አንድ ወር ደጅ ጠንተው አገኙ። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ኬላው ላይ ተሰለፉ። ሰልፉ ቆመ። ለምን እንደቆመ የነገራቸው ወታደር የለም። ከቀትር በኋላ ሲደርሱ ሐኪሙ ወጥቷል፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ ሰውየው በሕይወት አልቆዩም። ይህን ሁሉ ሲያወሩ የኡም ኤልያስ ድምፅ ከፍም ዝቅም አላለ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ልክ በሦስት ሰዓት ስማቸው ተጠራ። ሐኪሟ አየቻቸው፣ ዓይናቸው በቀዶ ሕክምና እንደሚድን ነገረቻቸው፣ ቀን ቆረጠችላቸው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ቤት ነበርን። ኮታቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሰዓቱን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አላመኑኝም፤ ስልኬን ዓይናቸው ድረስ አስጠግቼ አሳየኋቸው።

«ታዲያ» አሉኝ፣ «በቀረው ቀን ሰው ምን ያደርግበታል፣ ልጄ?»