ቀይዋ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን

[ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ግቢ፤ ቀን። ሁለት የሩጫ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሞዴላቸው አንድ ነው፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ነጭ። መቀስ የሚሉት ፀጉር አስተካካይ ነው። ስለ መኪና የሚያውቀውን ሁሉ የለቀመው ከደንበኞቹ ነው፤ እነሱ ያወራሉ፣ እሱ ይቆርጣል፣ ሱቁን ሲዘጋ ሊቅ ሆኖ ይወጣል። አብሮት ያለው ረጋ የሚስቱ ወንድም ነው። ሃያ ዓመት የአስከሬን መኪና ነድቷል፤ አነጋገሩም እንደ አነዳዱ ነው። መቀስ ቀይ መኪና ሊገዛ መሆኑን ለደንበኛው ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ችግሩ፣ ገንዘቡ የባልና የሚስት ነው፤ ሚስት ደግሞ «ወንድሜ እሺ ያላላትን መኪና አልገዛም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ይህን ሲያስብ መቀስን ያንገበግበዋል።]

መቀስ፦ ጎማ በእርግጫ አይፈተሽም አልኩህ!

ረጋ፦ አልረገጥኩም። ጫማዬን እያራገፍኩ ነው።

መቀስ፦ መኪናው ጎማ ላይ?

ረጋ፦ ጭቃ ይዤ እንዳልገባ ብዬ ነዋ።

መቀስ፦ ወደ ነጯ ማን ግባ አለህ? የምንገዛው ቀይዋን ነው!

ረጋ፦ ልዩነታቸው ቀለም ነው?

መቀስ፦ [እጁን አናቱ ላይ ጭኖ] ቀለም! የቀለም ቆርቆሮ ልትገዛ መጣህ እንዴ? ስማኝ፤ ነጯ ተራ አውቶማቲክ ናት። ቀይዋ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ናት። ሁለት!

ረጋ፦ አንደኛው መጠባበቂያ ነው?

መቀስ፦ ምን መጠባበቂያ፣ ጎማ መሰለህ? አንዱ ፍሪሲዮን አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ማርሽን ይይዛል። ሌላው ሁለተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛን። አንዱ ሲሠራ ሌላው ቀጣዩን ማርሽ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ተቀይሮ ያድራል!

ረጋ፦ [በቀይዋ በር ጎንበስ ብሎ ወለሉን እያየ] ታዲያ የፍሪሲዮኑ ፔዳል የታለ? ሁለት መሆን ነበረበት።

መቀስ፦ ፔዳል የለውም! ኮምፒውተሩ ነው የሚረግጠው።

ረጋ፦ በምኑ?

መቀስ፦ [ወደ ሰማይ አንጋጦ] ምን በድዬ ነው እንዲህ የምትቀጣኝ!

ረጋ፦ ነጯስ?

መቀስ፦ [ሻጩም፣ ግቢው ውስጥ ያለው ገዢ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ] ነጯማ የጡረተኛ መኪና ናት! ካምቢዮዋ ዘይት ውስጥ ሲንቦጫረቅ ነው የሚውለው። ነዳጅ ስትሰጣት ቆም ብላ ታስባለች። እንዲህ ያለ ቅራቅንቦ በነጻ ቢሰጡኝ አልወስድም!

[የሻጩ ፊት ተለዋወጠ። ረጋ ሻጩን አየው።]

ረጋ፦ መቀስ፣ ከቀይዋ ጋር ፎቶ አትነሳም?

መቀስ፦ ተመስገን! አንድ ቁም ነገር ተናገርክ።

[መቀስ ቦኔቱ ላይ ተደግፎ፣ በሩን ከፍቶ፣ መሪውን ጨብጦ ራሱን ፎቶ ሲያነሳ ቆየ። ረጋ ከሻጩ ጋር ጥግ ይዞ ተነጋገረ፣ ስልክ ደወለ፣ ተመለሰ። መቀስ ምን እንዳወራ አልጠየቀውም፤ ረጋ የሚያወራው ነገር ይኖረዋል ብሎ አስቦ አያውቅማ! መታወቂያቸውን አስይዘው ቀይዋን ለሙከራ ይዘው ወጡ።]

መቀስ፦ [ጭር ባለው መንገድ እየከነፈ] ሁለተኛ! ሦስተኛ! አራተኛ! ተሰማህ?

ረጋ፦ ኧረ ምንም አልተሰማኝም።

መቀስ፦ እሱ ነዋ ጥቅሙ! ጥሩ ካምቢዮ አይሰማም።

ረጋ፦ የነጯም አልተሰማኝም።

መቀስ፦ ነጯ ቆማ ነበር!

ረጋ፦ ለዛ ይሆናል። እስቲ በገበያው በኩል እንመለስ።

መቀስ፦ ያንን አቀበት? መኪና ተጠቅጥቆ ነው የሚውለው።

ረጋ፦ በየቀኑ ወደ ሥራ የምትሄድበት አይደል እንዴ? ሁለቱ ፍሪሲዮን በመኪና ሰልፍ ላይ ምን እንደሚሠሩ አልገባኝም። አስረዳኝ።

[«አስረዳኝ» ለሚለው ሰው መቀስ እምቢ ብሎ አያውቅም። ወደ ገበያው መንገድ ታጠፈ። አቀበቱ ላይ መኪናው ሁሉ ተያይዞ ቆሟል፤ ክንድ የምታህል ክፍተት በተገኘች ቁጥር መቀስ ወደ ፊት ሽርተት ይላል።]

ረጋ፦ ምነው ተንገጫገጨች?

መቀስ፦ ጉልበት ነው። ሩጪ ሩጪ እያላት ነው።

ረጋ፦ ፍሬን አትይዝም? አቀበት ላይ በነዳጅ ነው እንዴ የምታቆማት?

መቀስ፦ አስከሬን የምትጭነው አንተ፣ ስለ ሩጫ መኪና ልታስተምረኝ ነው? እንዲህ በነዳጅ ትያዛለች፤ ዝግጁ እንድትሆን!

ረጋ፦ የሆነ ነገር ይሸታል።

መቀስ፦ ከፊታችን ያለው ነው። የሰው ጭስ ለኛ ተረፈ።

ረጋ፦ ከፊታችን ያለው ብስክሌት ነው።

[ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ቀይዋ አንዴ ተርገፍግፋ ቆመች። መቀስ ነዳጅ ሰጠ፤ ሞተሩ አጓራ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከኋላ ጥሩንባው ቀለጠ። መቀስ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈራ።]

ረጋ፦ ፍሪሲዮኑ ግሏል። አጥፋትና እስክትበርድ እንጠብቅ።

መቀስ፦ አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?

ረጋ፦ በነዳጅ ስትይዛት ፍሪሲዮኑ ሳይለቅም ሳይነክስም ሲፋተግ ይቆያል። ሲፋተግ ይግላል፤ ሲግል ኮምፒውተሩ በቃኝ ይላል። ነጯ ብትሆን ያ የናቅከው ዘይት ይችለው ነበር። ለሩጫ ቀይዋ፣ ለሰልፍ ነጯ። አንተ ደግሞ ኑሮህ ሰልፍ ላይ ነው።

መቀስ፦ [አፍጥጦ] ይሄን ከየት አመጣኸው?

ረጋ፦ መሥሪያ ቤታችን ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ገዝቶልን ነበር። እኛ እንግዲህ የምንነዳው በእግረኛ ፍጥነት ነው። ፍሪሲዮኑ ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። የመጨረሻው ቀን ሟቹ መኪናው ውስጥ ነበሩ፤ ለቀስተኛው እያለቀሰ ገፋልን።

መቀስ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ እያወቅክ ዝም ትላለህ?

ረጋ፦ ሰው ሲናገር ማቋረጥ አልወድም።

መቀስ፦ [ላቡን እየጠረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] በቃ፣ ተሳስቻለሁ። ለደንበኞቼ እንዳትነግር ብቻ። ስትበርድ እንመልሳትና ነጯን እንገዛለን።

ረጋ፦ ነጯ ተሸጣለች።

መቀስ፦ የትኛው ጅል ነው የገዛት? መቼ?

ረጋ፦ አንተ «የጡረተኛ መኪና» ብለህ ስትጮህ ሊገዟት የመጡት ሁለት ሰዎች ጥለው ሄዱ። ሻጩ ደንግጦ ዋጋዋን አወረደው። ቶሎ ብዬ ደወልኩ።

[በወዲያኛው መስመር ነጯ መኪና ቁልቁለቱን እየተንሸራተተች መጣች። መሪውን የያዘችው ሴት ዘና ብላ እጇን አውለበለበችና አለፈች።]

መቀስ፦ ያቺ... ያቺ የኔ ሚስት አይደለችም?

ረጋ፦ ናት እንጂ። የኔን እሺታ ነበር የምትጠብቀው፤ ለነጯ እሺ አልኳት።

መቀስ፦ ለኔ ሳይነገረኝ! እኔን እዚህ አቀበት ላይ ገትረህ፣ አልገባኝም አስረዳኝ እያልክ...

ረጋ፦ እኔ ምን ላድርግ፣ እህቴ ናት ያዘዘችኝ። «ፈርሜ እስክጨርስ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፤ የትም አይሄድብህም» አለችኝ።