ባለ ገመዱ ሊሲያቴ

የሕዝብ የሆነ ነገር፣ የትም አገር ይሁን፣ ባለቤት አያጣም። ድልድይ ሲሠራ «ድልድዬ» የሚል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰቀል «ደወሌን እንዴት ሰማችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከመንደሩ ይበቅላል። የሚሾመው የለም፤ የሚሽረውም የለም። በቶንጋ፣ ከኑኩአሎፋ ከተማ ወጣ ባለች አንዲት የባሕር ዳር መንደር የበቀለው ክቡር ሊሲያቴ ነው። የያዘውም ተራ ነገር አይደለም፤ ደሴቲቱን ከዓለም ጋር የሚያገናኘውን የባሕር ውስጥ ገመድ ነው።

ገመዱ በባሕር ወለል ላይ ተጋድሞ ከሩቅ ይመጣና ያም የተባለው ሥራ ሥር በሚበቅልበት በሊሲያቴ ማሳ ጫፍ ከውኃ ወጥቶ፣ በአሸዋው ሥር ወደ ከተማ ያልፋል። በማሳው ሥር ያለው ርዝመት ከአንድ የአሳማ በረት አይበልጥም። ለሊሲያቴ ግን በቂው ነው።

ጎረቤቱ ሱንያ ይህን ነገር ሳያመው አስቦት አያውቅም። ገመዱን ሊዘረጉ የመጡት ለኪዎች ችካል መጀመሪያ የተተከለው በእሱ ዳርቻ ነበር። ሰዎቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ኮኮናቱን ሲጠጡ ሰነበቱ። በኋላ ጠላቂያቸው ከውኃው ወጣና «እዚህ ዐለቱ ስለታም ነው፤ ገመዱን ይፈገፍገዋል» አለ። ችካሉ ተነቅሎ ወደ ሊሲያቴ ሄደ። የሱንያ አባቶች ዓሣ ሲያጠምዱበት የኖሩትን ያንን ዐለት ሱንያ ከዚያ ወዲያ በደህና ዐይን አላየውም።

«ሰማይ ላይ ምንም የለም» ይላል ሊሲያቴ፣ ወንዶቹ ካቫ የሚሉትን የሥር መጠጥ ለመጠጣት ክብ ሠርተው ሲቀመጡ። «ሳተላይት ስትሉ አፍራለሁ። ወሬው ሁሉ ከታች ነው። እንደ ጸጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው፤ ብርሃን ይሮጥበታል። ኦክላንድ ያለ ልጃችሁን ‹እንዴት አደርክ› ስትሉት ቃላችሁ በእኔ ያም ሥር ነው የሚያልፈው። እኔ ዝም ስለምል ነው እንጂ።»

«አንተ ዝም ያልከው መቼ ነው?» ይላል ሱንያ።

ሁሉም ይስቃል። ግን በካቫ ክብ ጽዋ የሚዞረው በማዕረግ ነው፤ ጽዋውም ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሱንያ በፊት ለሊሲያቴ መድረስ ጀምሯል። በዚህ ላይ የሚስቅ የለም።

ክቡር ሊሲያቴ ጀልባ ከዳርቻው አጠገብ መልሕቅ ሲጥል ካየ ከነልብሱ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ይገባል። «ገመዴን! ገመዴን!» የሚለው ድምፁ እስከ ትምህርት ቤቱ ይሰማል። እሑድ ሥራ በተከለከለባት በዚያች አገር፣ ገመዱ በሰንበት እየሠራ ኃጢአት እንዳይሆንበት ፓስተሩን ጠይቋል። ፓስተሩ ለሁለት ሳምንት አስበው «ብርሃን ማለፍ ሥራ አይደለም» ሲሉት ብቻ እንቅልፍ ወሰደው። ቪዲዮ ሲንቀረፈፍ ሴቶቹ ወደ እሱ ይሄዳሉ።

«ሊሲያቴ፣ ገመድህ ዛሬ ምን ሆነ?»

«ሰው በዝቶበታል። ከምሳ በኋላ ሞክሩ።»

የሚያናድደው ከምሳ በኋላ መሥራቱ ነው። አንድ ቀን የሱንያ ሚስት ራሷ በቅርጫት የጎደሬ ቅጠል ይዛለት ስትሄድ ሱንያ በመስኮት አይቷል። ያን ዕለት ራት አልበላም።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ፣ የሱንያ ልጅ ሞሴሴ ኦክላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ልጁን፣ ሴት ልጅ ወለደ። ለሕፃን ስም የምታወጣው የአባት እኅት ናት፤ ከአባቶች የመጣ ሥርዓት ነው። የሞሴሴ እኅት ላቪንያ ደግሞ ከአባቷ ቤት ናት። ጥምቀቱ እሑድ ስለሆነ «ትንሽ ላስብበት» አለች። አስባ ጨርሳ ሐሙስ ጠዋት ስልኩን ስታነሣ መስመር የለም። ከባሕሩ ሥር መሬት ተንሸራቶ ገመዱን በጥሶታል፤ የጥገናዋ መርከብ ደግሞ ሩቅ ናት።

ሱንያ ግማሽ ቀን ደስ አለው። መንደሩ ሁሉ «ገመድህን ምን አደረግኸው?» እያለ በሊሲያቴ ደጅ ሲያልፍ እሱም ረጋ ብሎ አለፈ፤ ረጋ ብሎም ጠየቀ። ምሳ ላይ ግን ላቪንያ አፈጠጠችበት።

«አባባ፣ ሕፃኗ ያለ ስም ልትጠመቅ ነው።»

«እዚያ ያሉት ያውጡላታ።»

«እነማን? የእናቷ ወገኖች?»

ሱንያ ሳህኑን ገፋ አደረገው። የእናቷ ወገኖች እኮ ይህን ቀን ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

አርብ ጠዋት አንድ ሰው በሱንያ በር ሣሩ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ለሐዘን የሚታጠቀውን የተቀዳደደ ምንጣፍ ወገቡ ላይ ታጥቋል። ከፊቱ አንድ ጥሩ ምንጣፍና እግሩ የታሰረ አሳማ አለ። ራሱን ደፍቷል። ሊሲያቴ ነበር።

«እርስዎንና ቤትዎን በድያለሁ» አለ። ከልጅነታቸው ጀምሮ «አንተ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። «የልጅ ልጅዎ ስም ገመዴ ውስጥ ቀርቷል። ይቅር ይበሉኝ።»

ሱንያ በሩ ላይ ቆመ። መንደርተኛው ከአጥሩ ውጭ ተሰብስቧል። ምንጣፉን ከተቀበለ ገመዱ የሊሲያቴ ነው ማለት ነው፤ ያለ ባለቤቱ ማን ይቅርታ ይጠይቃል? ካልተቀበለ ደግሞ ይቅርታ የመለሰ ሰው ተብሎ እስኪሞት ይወራበታል። ቢሆን ቢሆን አሁን ሣሩ ላይ የተቀመጠው እሱ በሆነ ደስ ባለው። ይህም አስቀናው።

ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ነካ፤ ተቀበለ ማለት ነው።

«ተነሥ፤ ሣሩ እርጥብ ነው።»

ሊሲያቴ ተነሣ። «ከተማ በሳተላይት የምትሠራ አንዲት ስልክ አለች» አለ፣ «ሳተላይት» የምትለዋን ቃል በግድ አውጥቶ። «ነገ እኔ ቀድሜ እሰለፋለሁ። ላቪንያን ይዘህ ና።»

ቅዳሜ ሱንያና ላቪንያ ሲደርሱ ሰልፉ መንገዱን ዞሯል። ሊሲያቴ ከፊት ቆሟል፤ ሰውም በቀልድ ይዞታል።

«ክቡርነትዎ፣ ሰማይ ላይ ምን ጠፋብዎ?»

«ገመዱን ለአሳማ ማሰሪያ አዋለው መሰል!»

ሊሲያቴ ጫማውን ያያል። ሱንያ ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቶት ነበር። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ቃል ግን ሌላ ሆነ።

«ተዉት። ገመዱ ተበጥሶበታል። በተጎዳ ሰው አይሳቅም።»

ሊሲያቴ ቦታውን ለላቪንያ ለቆ ስልኩ ያለበት ክፍል በር አጠገብ ቆመ። አብሯት እንዳይገባ ሱንያን ዘበኛው ገታው። ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች ስትወጣ ፊት ለፊቷ ያገኘችው ሊሲያቴን ነው።

«ሰሙ?»

«ሰሙ፣ አጎቴ። ሞሴሴ ስሙን ደግሞ ተናገረው።» በሊሲያቴ ጆሮ ሥር ስሙን ነገረችው።

ሱንያ ሰው እየገፋ ደረሰ። «ማን አልሻት? ለእኔስ አትነግሩኝም?»

ሊሲያቴ ቀና አለ። ደረቱ ተመለሰ።

«ቆይ» አለ፣ እጁን አንሥቶ። «በእኔ በኩል ይለፍ።»

ሱንያም፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከረው፣ ጠበቀ።