ክቡር አቶ ቢሆንስ ኢንሹራንስ ሊገዙ ሄዱ

ለአማቼ ተራ ቀን እንዲሁ በቀላሉ አያልፍም። ከቤት ለመውጣት በሩን መቆለፍ፣ መመለስ፣ ምድጃውን በእጅ መዳሰስ፣ እንደገና ቆልፎ በትከሻ መግፋት ይጠይቃቸዋል። ይሄ ግማሽ ልባቸውን ይወስዳል። ልጄ ካስነጠሰች የቀረው ግማሽም ይሄዳል። ሲመሽ የሚተርፋቸው ትንፋሻቸው ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጡታል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም፤ የለም የሚልም ካለ ደብቆት ነው። የኛው የባለቤቴ አባት ናቸው። ከጀርባቸው «ክቡር አቶ ቢሆንስ» እንላቸዋለን። ሊፍቱ ቢቆምስ ብለው በደረጃ ይወጣሉ፤ ደረጃው ላይ መብራት ቢጠፋስ ብለው ባትሪ ይይዛሉ። የሠርጋችን ፎቶ ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ፎቶው የተነሳው አዳራሽ ውስጥ ነው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ትኬት ሲቆርጡ ኢንሹራንስ መግዛታቸውን ማን ይጠራጠራል? የሚሄዱት ባሕር ማዶ ወዳለችው ታናሽ እህታቸው ነው። ታማለች፤ ሐኪሞቹ «ቶሎ ይምጡ» ብለዋል። ቶሎ የተባለበትን ምክንያት ቤተሰቡ ሁሉ ገብቶታል፤ እሳቸው ብቻ አልጠየቁም።

ትኬቱ የተቆረጠው በገንዘብ ሳይሆን በማይል ነው፤ አየር መንገዱ ብዙ ለበረረ ደንበኛ በሚቆጥርለት ነጥብ። አማቼ ለፋብሪካ የማሽን መለዋወጫ ሲገዙ ዕድሜያቸውን አየር ላይ ነው የጨረሱት፤ ማይሉም የተጠራቀመው ያኔ ነው። እህታቸው ስትዳር አየር ላይ ነበሩ። እናታቸው ሲቀበሩም አየር ላይ ነበሩ።

ልጄን አዝዬ ኢንሹራንስ ቢሮው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።

«የትኬቱ ዋጋ ስንት ነው አባቴ?» አለች ሠራተኛዋ ጣቶቿን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ።

«በማይል ነው።»

«እንግዲያው ዜሮ ብዬ ልሙላው።»

«ምን አልሽ?»

«ገንዘብ አላወጡበትማ።»

«ልጄ፣» አሉ አማቼ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ «በየኤርፖርቱ ወንበር ላይ አንገቴ ተጣሞ ያደርኩበት ነው። ዜሮ?»

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ጉዞውን ቢሰርዙ፣ ማይሉን ለማስመለስ አየር መንገዱ የሚያስከፍላቸውን ኢንሹራንሱ ይከፍላል። እዚያ ሄደው ቢታመሙም ሕክምናቸውን ይሸፍናል።

«ለመሆኑ የሚሄዱት ለምንድን ነው?»

«እህቴ ታማብኝ።»

ጣቶቿ ቆሙ። «አስቀድሞ የታወቀ ሕመም ከሆነ… በእሳቸው ምክንያት ቢሰርዙ አንከፍልም አባቴ።»

«በእሷ ምክንያት ማለት?»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ የልጄን ካልሲ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ማለቴ… ሳይደርሱላቸው አንድ ነገር ቢሆንስ ብለን ነው።»

ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሲያድሉት የኖሩትን ቃል ሌላ ሰው መልሶ ሲሰጣቸው ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ለወትሮው ለሁሉም ነገር መላ አላጣም፤ «አባባ፣ ስኳር አለብዎት፣ የሕክምናውን ይግዙ፣ የመሰረዙን ይተዉት» ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«የሕክምናውን ስጪኝ። እኔም እዚያ ወድቄ የእህቴ ልጆች ሁለት በሽተኛ አያስታምሙም። የመሰረዙን ተይው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ብትኖርም እሄዳለሁ፣ ባትኖርም እሄዳለሁ። ታዲያ ምኑን ነው የምሰርዘው?»

ልጅቷ የሕክምናውን ብቻ ሞላች።

እንደወጣን ግራ ቀኝ ሳያዩ አስፋልቱ ውስጥ ገቡ። አንዱ ሹፌር ጥሩምባውን ለቀቀባቸው። ሮጬ እጅጌያቸውን ያዝኩ።

«አባባ! ቢገጭዎትስ?»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ለካ ሰው ሲወዱ የሚመጣ ነገር ነው። እስክንሻገር ድረስ እጃቸውን አለቀቅኩም፤ እሳቸውም አልተቆጡም።

ሐሙስ ይበራሉ። ባለቤቴ «አይደርሱላትም ብለሽ እወቂው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ትጠብቃቸዋለች እላለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ተስፋ መቁረጥ አልሆነልኝም። የናንተም መንገድ ሐሙስ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አውሮፕላኑ አርፎ ሁላችሁም ሻንጣ ለማውረድ ስትጋፉ፣ ከኋላ ወንበር የተነሱ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ ካያችሁ፣ እባካችሁ ጠጋ በሉላቸው። እሳቸው ቀድመው ይውረዱ።